ነፋሱ ያባዛው ብሮውዘር

ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ። ዓይኔ ይፍሰስ። አባቴ ይሙት! (አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቢሆንም መሐላ መሐላ ነው።) ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከራሱ ከነፋሱ አፍ አንዴ ሳይሆን አርባ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በአርባውም አንዲት ቃል አልጎደለችበትም። ጨምሮ እንደሆነም ለማሳመር ያህል ነው። አሁንም የሚጠራጠር ካለ እማማ ቁልፍ በሕይወት አሉ። ያን ቀን ከነፋሱ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁሉንም አይተዋል። ሄዶ መጠየቅ ነው።

ነፋሱ የአሮጌ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ሱቁ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተወሸቀች፣ ጣሪያዋ ከደረጃው ጋር አብሮ የሚያዘቀዝቅ ጠባብ ክፍል ናት። ደንበኛ ወገቡን ሳይሰብር አይገባባትም፤ ነፋሱም ይህን ለእሱ እጅ እንደ መንሳት ነው የሚቆጥረው። አዲስ ኮምፒውተር ይዞ የመጣ ሰው ካለ ከበር ይመልሰዋል። «ይህንን ማንም ይጠግነዋል» ይላል። «ሞቷል የተባለውን አምጣልኝ።»

እውነትም የሚመጡለት ሬሳዎች ነበሩ። ፋናቸው እንደ ወፍጮ የሚጮህ፣ ፊደላቸው ከገበታው ላይ ተልጦ ያለቀ፣ ራም የሚባለው ማስታወሻቸው የዘመኑን የእጅ ስልክ ሩብ የማያክል። አንድ የመድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠዋት ተላጭቶ ኮምፒውተሩን ከከፈተ፣ የመጀመሪያው ገጽ እስኪመጣለት ጢሙ ደረቱ ላይ ይደርስ ነበር። ነፋሱ ከነካለት በኋላ ግን ሰውየው ጣቱን ገና ሲያነሳ ገጹ ተከፍቶ ይጠብቀዋል። ጣቱን ሳያሳርፍ! ስሙም የወጣለት በዚህ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም።

«የአሮጌ ኮምፒውተር በሽታው እርጅና አይደለም፣ ብሮውዘር ነው» እያለ ያስተምራል። «አንድ ገጽ የከፈትክ ይመስልሃል። ከገጹ ኋላ አርባ ማስታወቂያና ሃምሳ ሰላይ ተሰልፎ ይገባል። አንዱ የት እንዳለህ ይጠይቃል፣ አንዱ ትናንት ያየኸውን ይጽፋል። ምስኪኑ ራም እነሱን ሲያስተናግድ አንተን ይረሳሃል።» ስለዚህ ክብደቱ ቀላል የሆነ፣ ብዙ ሰው ስሙን ያልሰማው አንድ ብሮውዘር ፈልጎ አገኘና ሦስት ወር ሙሉ ሞረደው። ማስታወቂያውን ዘጋ፣ ጌጣጌጡን አራገፈ፣ ሰላዮቹን አባረረ። ሲጨርስ ላባ አከለ።

ብልጠቱ ደግሞ ከዚህ ይጀምራል። ይህንኑ በየኮምፒውተሩ ላይ እንደገና ከመልፋት ብሎ፣ የራሱን ብሮውዘር ሙሉ ፎልደር በፍላሽ እየገለበጠ፣ ከነነፍሱ፣ በየደንበኛው ኮምፒውተር ላይ ይጭን ጀመር። ፎልደሩ ውስጥ በራሱ ስም የከፈተው አካውንት አለ፤ የአካውንቱም ማመሳሰያ እንደበራ ነው። ይህ ማለት ነፋሱ ሱቁ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ሲያስተካክል በሁሉም ላይ ይስተካከላል ማለት ነው። «ከወንበሬ ሳልነሳ ከተማ እጠግናለሁ!» ይል ነበር። ሰባ ሦስት ኮምፒውተር! ጸጉር አስተካካዩ፣ የፋርማሲዋ ሴትዮ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር፣ የመድን መሥሪያ ቤቱ፣ ሁሉም በአንድ ብሮውዘር ይጋልቡ ነበር፤ አንዳቸውም አያውቁም።

አንድ ነገር ብቻ ሳያስብ ቀረ። ቧንቧው ከእሱ ወደ ሰዎቹ ብቻ የሚፈስ መስሎት ነበር።

ከሰባ ሦስቱ አንዱ የታናሽ እህቱ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። በአንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ እሷ የስፌት መኪናው ላይ፣ እማማ ቁልፍ መስኮቱ ሥር ሆነው ይሠራሉ። እማማ ቁልፍ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁልፍ ከመትከልና ጫፍ ከመቀምቀም ሌላ ሥራ የማይቀበሉ፣ ከንፈራቸው መሀል መርፌ ስለማይጠፋ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የልብስ ሞዴል የሚታይበት አሮጌ ላፕቶፕ አለ።

ሌላው የባሏ ነው። ባሏን ሰው ሁሉ መዛኙ ነው የሚለው፤ የእህል መጋዘን የሚዛን ኃላፊ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። ያየውን ሁሉ በሚዛን ካርኒ ጀርባ ላይ ከነሰዓቱ ይጽፋል፦ የገባ መኪና፣ የወጣ ጆንያ፣ ከስኳር ዕቃው የጎደለ ማንኪያ። የሚስቱን መታወቂያ «እንዳይጠፋባት» ብሎ የሚይዘው እሱ ነው። ከስፌት ቤቱ እስከ ቤታቸው አሥራ አራት ደቂቃ እንደሚፈጅ በእግሩ ሄዶ ለክቶ ነግሯታል። በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ በር ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። አይቆጣም። ካርኒውን ያወጣል፣ ይጽፋል፣ መልሶ ኪሱ ይከታል።

«ጋሼ፣ ካርኒው ቁም ሳጥኑን ሞላው እኮ» ብላው ነበር ወንድሟን አንድ ቀን።

«ሰዓት አክባሪ ባል ነዋ! ታድለሽ!» አለና ሳቀ ነፋሱ።

እሷ አልሳቀችም። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሥራዋን ቀጠለች።

እንግዲህ ያ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሙቀቱ ከሱቁ ጣሪያ ቀለም ያንጠባጥባል። እማማ ቁልፍ አጎንብሰው ገቡ።

«እህትህ የላፕቶፑ ገመድ እምቢ አለ ብላ ልካኝ ነው። ሌላ ካለህ ስጠኝ።»

«ስልክ አትደውልም እንዴ? እርስዎን በዚህ ፀሐይ ታንከራትታለች!»

«እኔ ምን አውቄ። ቶሎ አይምጡ፣ አረፍ ብለው ይምጡ አለችኝ።»

«ይቀመጡ እማማ። ለእርስዎማ የወርቅ ገመድ ነው የምፈልግልዎት።»

የገመድ ካርቶን ውስጥ እስከ ክርኑ እንደገባ በሩ ላይ ብርሃኑ ተቋረጠ። መዛኙ ነው። የአገሬው ሰው ሁሉ ወደዚያ ሱቅ ሲገባ ራሱን ይደፋል፤ መዛኙ ግን ጉልበቱን ብቻ አጥፎ፣ አንገቱን እንዳቀና፣ ዓይኑን ከነፋሱ ላይ ሳይነቅል ነው የገባው። የመጋዘኑን ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ አራት ካርኒ ደረደረ፤ ጠርዛቸው እኩል እስኪሆን በጣቱ አስተካከላቸው።

«አማቼ፣ ይህ ዕቃህ ያላሰብኩትን ያስባል።»

«ፈጣን ነዋ! ሰውን ይቀድማል!»

መዛኙ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀው። ከዚያ የመጀመሪያውን ካርኒ አነሳ።

«ሰኞ፣ ሦስት ሰዓት ከሃያ። መ ብዬ ስጽፍ ራሱ ጨረሰልኝ። መታወቂያ በእጁ የሌለ ሰው እንዴት ይጓዛል።» ካርኒውን ገልብጦ አስቀመጠ። «ማክሰኞ፣ አራት ሰዓት። ለ አልኩ። ለአንዲት ሴት የሚከራይ ክፍል። ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጠ። ጠረፍ ከተማ የልብስ ስፌት ሥራ። ትናንት፣ አ። አውቶቡስ መነሻ ሰዓት።»

ነፋሱ የያዘውን ገመድ ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ጣለው።

«እኔ አልጻፍኳቸውም። መጋዘኑ ውስጥ ከእኔ በቀር ይህን የሚነካ የለም» አለ መዛኙ በዚያው ድምፅ። «የምጠረጥረው አለኝ። ግን ያልተመዘነ ነገር አልጽፍም። ማን እንደጻፈው ንገረኝ።»

«እስቲ ልየው» ብሎ ነፋሱ የራሱን ኮምፒውተር ከፈተ፤ ጉዱንም ያን ጊዜ አየው። ማመሳሰያው የሰባ ሦስት ኮምፒውተር ምስጢር አምጥቶ እግሩ ሥር ዘርግፎለታል! ጸጉር አስተካካዩ «ራሰ በራነት በአንድ ሳምንት የሚያጠፋ ቅባት» ይላል፤ ሰውየው ኮፍያውን የማያወልቀው ለካ በከንቱ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር «የስንብት ንግግር አጭርና የሚያስለቅስ» ሲፈልግ ከርሟል፤ ማን ሊሰናበት እንደሆነ መምህራኑ አላወቁም። የስፖርት አስተማሪው «ደረጃ ስወጣ ለምን ልቤ ይመታል» ብሎ ጠይቋል። የፋርማሲዋ ሴትዮ በበኩሏ የምትሸጠውን መድኃኒት ሁሉ ምን እንደሚያክም ከኢንተርኔት ትማር ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ነፋሱ በሳቅ ይሞት ነበር። ዝርዝሩ ግን እየወረደ ሄዶ ከአንድ ቦታ ላይ የእህቱ ቃል ብቻ ሆነ። ገጽ ሙሉ። ወር ሙሉ። ክፍል፣ አውቶቡስ፣ ሥራ፣ እንደገና ክፍል። ቀልድ የመሰለውን የቁም ሳጥን ነገር ያን ጊዜ ገባው። ልትሄድ ነው። መዛኙ ካወቀ ደግሞ አትሄድም፤ ከዚያ በኋላ የት እንደምትሆን ማሰብ አልፈለገም።

እና ነፋሱ ምን አለ? እንደ እሱ ያለ ጀግና ምን ይላል?

«ቫይረስ ነው!» አለ። «ከባሕር ማዶ የመጣ አደገኛ ቫይረስ! የማያውቀውን ሰው ሐሳብ ነው የሚያወራው። ነገ ናና ውሰድ።»

«አልሄድም» አለ መዛኙ። «እዚሁ ሆኜ አያለሁ።» በሩን ዘግቶ ቆመ። ሌላ በር የለም።

እንግዲህ የዚያን ሰው ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ እየተሰማው ሥራውን ጀመረ። ጣቶቹ አይታዩም ነበር፤ ከገበታው ጭስ ወጣ። አንዱን ሲሰርዝ በሰባ ሦስቱም ላይ ይሰረዛል። የመዛኙን ላፕቶፕ ከመስመር ጋር አገናኘው፤ ቃላቱ ከዚያም ላይ አንድ በአንድ ረገፉ። ክፍሉ ጠፋ። አውቶቡሱ ጠፋ። የመጨረሻው ሲረግፍ መዛኙ ተጠግቶ፣ በአንድ ጣቱ፣ ለ ብሎ ጻፈ።

ምንም አልመጣም።

«አየህ? ድኗል» አለ ነፋሱ፤ መዛኙ አፉን ሳይዘጋ በብብቱ ሥር ሾልኮ ወጣ። ሮጠ! ሰው ሁሉ የሚናገረው ነው፤ በመንገዱ ያሉ መኪኖች ቆመው አሳለፉት። የአሥራ አራቱን ደቂቃ መንገድ በአንድ ደቂቃ ተኩል ጨረሰው። እህቱን ከስፌት መኪናው ላይ ነጠቃት። «ጋሼ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለው «አትጠይቂኝ፣ ስልክሽን ጣዪ፣ በሱ ነው የሚያገኝሽ!» አላት። ስልኳን ጨርቅ ሥር ወሸቀው። የስፌት መኪናውን በአንድ ትከሻው፣ ሻንጣዋን በሌላው ተሸክሞ አውቶቡሱ ተንቀሳቅሶ ሳለ ደረሰበት፤ በአንድ እጁ ይዞ አቆመው። እሷ እያለቀሰች በመስኮቱ እጁን ሳመችው።

ተመልሶ ስፌት ቤቱ በር ላይ ሲደርስ መዛኙ ቆሟል። ጨርቁ ሥር ስልኩ ይጮሃል፤ የሚደውለው ራሱ መዛኙ ነው፣ ጆሮው ላይ ስልኩን እንደያዘ የጨርቁን መንቀጥቀጥ ያያል። ነፋሱም ደረቱን ነፍቶ ፊቱ ቆመና «ከእንግዲህ ሰው አትመዝንም!» አለው። ንግግሩ ሩብ ሰዓት ፈጀ። መዛኙ እየሰማ አነሰ። በገዛ ሚዛኑ ላይ ቢወጣ አምስት ኪሎ አይሞላም ነበር። በዚያው ሳምንት ካርኒዎቹን ሰብስቦ ከተማውን ለቆ ጠፋ፤ ወዴት እንደሄደ ያወቀ የለም።

ነፋሱ ይህን ለአርባ አንደኛ ጊዜ የተረከው እዚያው ስፌት ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን አሁን እማማ ቁልፍ ብቻቸውን ይዘውታል። እሱ አሮጌውን ላፕቶፕ ሊያይላቸው መጥቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ከፍቶታል። እኛ ልብስ የምንጠብቅ አራት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈን ተቀምጠናል። አምስት ኪሎ አይሞላም ያለው ላይ ሲደርስ ሁላችንም አጨበጨብን።

«ሦስት ነበሩ» አሉ እማማ ቁልፍ።

መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው እንደያዙት ነው። የተቆጡ አይመስሉም። ዓይናቸው ከሚተክሉት ቁልፍ ቀዳዳ ላይ አልተነሳም።

«ምኑ ነው ሦስት፣ እማማ?» አለ ነፋሱ።

«ኮምፒውተሮቹ። ያንተ፣ የእሷ፣ የእሱ። ጸጉር አስተካካዩ ኮምፒውተር የለውም።»

ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። ከዚያ ብቻውን መሆኑን አይቶ ተወው።

«ቫይረስ ነው አላልክም፣ ልጄ። ዕቃህ ያላሰብኩትን ያስባል ሲልህ ከፋህ። የእኔ ሥራ እንከን የለውም አልከው። ከእህቴ ጋር አንድ አድርጌያችሁ ነው፣ እሷ ስትጽፍ አንተ ጋ ይወጣል ብለህ አስረዳኸው። እንዲያውም ደስ ብሎህ ነበር። እንዳልገባው መሰለና ሁለተኛ አስረዳኸው። እሱ ሰዓቱን አየና ጻፈ።»

ነፋሱ እጁን ከገበታው ላይ አነሳ። የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ መልሶ እዚያው አስቀመጠው።

«ሮጬ...»

«አልሮጥክም። ገመዱን እየጠቀለልክልኝ ነበር። እሱ ሲወጣ ሰላም በልልኝ አልከው። የሮጥኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ ጉልበቴ። እሱ ላፕቶፑን መጋዘን አድርሶ እስኪመለስ ደረስኩ።»

«እና ደረሱላት?» አለች ከአጠገቤ የተቀመጠችው ሴት።

«ማንም አልደረሰላትም። ሄዳ ነበር። የስፌት መኪናው እዚሁ ነው፣ ይኸው። ስልኩን ራሷ ነች ጨርቅ ሥር ያስቀመጠችው። እምቢ አለ ያለችውን አሮጌ ገመድም ሰካሁት፤ ደህና ይሠራል። ለካ እንዳላይ ነው የላከችኝ፤ ያላየሁትን ማንም አይጠይቀኝም።» ክሩን ሳብ አደረጉት። «እሱ ጋ የእሷ ከወጣ፣ እሷ ጋም የእሱ ይወጣል አይደል? ይህን እሷ ከአንተ ቀድማ አወቀችው። አንድ ቀን ጠርታ አሳየችኝ። እ ብላ ጻፈች። እርምጃዋን ከስልኳ ላይ መከታተያ፣ ሚስት ሳታውቅ። ይህን ነበር የሚፈልገው። ሌላም ነበር፤ እሱን አልናገረውም። በአራተኛው ቀን ሄደች።»

የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

«መዛኙም የትም አልጠፋም» አሉ እማማ ቁልፍ። «በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል። የሚገባውን ይጽፋል፣ የሚወጣውን ይጽፋል።»

ሁላችንም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ለመዞር የደፈረ አልነበረም።

ነፋሱ ወሬውን ከጀመረበት ድምፅ ጋር በማይገናኝ ድምፅ፣ «እማማ፣ የት ናት?» አለ። በአርባ አንዱም ጊዜ ይህን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

እማማ ቁልፍ መርፌውን የመርፌ ትራሱ ላይ ሰኩ። ተነሡ፤ መቁረጫው ጠረጴዛ ድረስ ሄዱና የላፕቶፑን ክዳን ቀስ አድርገው ዘጉት። ፋኑ ትንሽ ጮኾ ዝም አለ። ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ፣ ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ አንድ ቁልፍ መረጡ።

«ሱሪው የማን ነበር?» አሉ።